ዋና የማይችለው ምክትል

መልካሙ ጡረታ ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ጡረታ የወጣው ግን እሱ እንጂ አፉ አልነበረም። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሆኖ ሲኖር ያልመራው የምረቃ መድረክ፣ «ሞቅ ባለ ጭብጨባ» ብሎ ያልተቀበለው እንግዳ የለም። በሚኖርበት በሹም አቦ ሰፈርም ሠርግ ሲኖር ድምፅ ማጉያው ዞሮ ዞሮ እሱ እጅ ይገባ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ኮሌጁ አንድ ጋቢ ሸለመውና ድምፅ ማጉያውን አስቀረበት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ታዳሚ ብቻ ቀረችው፤ ሚስቱ አገርነሽ። ምሳ ሲቀርብ «ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ወጥ ላዘጋጁልን…» ብሎ ይጀምራል፤ እሷም «ከሁሉ አስቀድመህ እጅህን ታጠብ» ብላ ትዘጋዋለች።

አንድ ቅዳሜ ጧት ጎረቤታቸው አንዳርጋቸው መጣ። አንዳርጋቸው የሞተር ጀልባ መካኒክ ነው። በጉብዝናው ወራት ከወደቡ ተነሥቶ ደሴት ድረስ ዋኝቶ የተመለሰ፣ ትከሻው በር የሚያህል፣ ጣና ውስጥ ንጉሥ የሆነ ሰው ነው። ከውሃ ወጥቶ ሰው ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይታሰራል። ልጁን ሲድር እንኳ ንግግር አድርግ ቢሉት ተነሥቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ «እንግዲህ… ብሉ» ብሎ ተቀምጧል።

«የማኅበሩ ምርጫ ደርሷል» አለ የቀረበለትን ሻይ እያማሰለ። «ለፕሬዚዳንትነት ልወዳደር ነው።»

ማኅበሩ የጣና ዳር ዋናተኞችና ቀዛፊዎች ማኅበር ነው። ሊቀ መንበር የሚለው ስም አልበቃ ብሎት መሪውን ፕሬዚዳንት ይላል። በደንቡ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ምክትሉን አብሮ ይዞ ነው የሚቀርበው፤ እንደ ጥንድ በሬ ናቸው፤ መራጭ አንዱን ወስዶ አንዱን መተው አይችልም። መልካሙም የዓመቱን የዋና ውድድር ከዳር ቆሞ ስለሚያስተዋውቅ በክብር አባልነት ተመዝግቧል።

«ምክትልህ ማን ነው?» አለ መልካሙ።

«አንተ።»

መልካሙ ሳቀ። አንዳርጋቸው አልሳቀም።

«አንዳርጋቸው፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ጀልባ ላይ እንኳ ወጥቼ አላውቅም።»

«እሱንም አውቃለሁ።» ወደ ጓዳ በኩል አየት አደረገና አንገቱን ደፋ። «ዋናውን እኔ እችልበታለሁ። ሰው ፊት መናገሩን ነው ያልቻልሁት። እሱን አንተ ቻልልኝ።»

መልካሙ የተወለደው ድሬዳዋ ነው። በዚያ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ውሃ ሲመጣ ደግሞ ሳይጠራ መጥቶ የሰው ቤት ይዞ ይሄዳል። ለእሱ ውሃ ማለት ወይ የለም፣ ወይ ይወስዳል። ሐይቅ ዳር ሠላሳ ዓመት ኖሮ ጣናን የሚያውቀው ፎቶ ለመነሣት ጀርባውን ሲሰጠው ብቻ ነው። ስለዚህ «ይቅርብኝ ወንድሜ» ማለት ነበረበት፤ ሊልም አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን «ዕጩ ምክትል ፕሬዚዳንት መልካሙ» የሚለውን በሆዱ አንድ ጊዜ ሞከረው። ደግሞ ሞከረው። ጣመው።

«ከጨነቀህማ ምን ይደረጋል» አለ፣ ለሰው ሲል መሥዋዕት እንደሚሆን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አንዳርጋቸው ሲወጣ አገርነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። እሷ የደልጊ ልጅ ናት፤ ዓሣ አጥማጅ ቤት ተወልዳ፣ ከመራመዷ በፊት መዋኘት የጀመረች የምትመስል ሴት። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ሳቋ መጣ።

«ምክትል መሆንህ በጀ። ዋና ሁን ቢሉህማ ምን ይውጥህ ነበር!»

ዕጩዎቹ በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይፋ የሆኑ ለታ በመጀመሪያ ጸጥታ ሰፈነ። መልካሙ ስልኩን ይዞ ሳሎን ተቀምጦ የደስታ መግለጫ ይጠብቅ ነበር። አንድ የሚስቅ ፊት መጣ። ከዚያ ሌላ መጣ። ከዚያ ስልኩ እንደ በቆሎ ቆሎ መንጣጣት ጀመረ። አንዱ ሳፋ ውስጥ የወደቀች ድመት ፎቶ ላከ። የማኅበሩ ፈጣን ዋናተኛ የሆነችው ወጣቷ ፀደንያ «ጋሽ አንዳርጋቸው ሙድ እየያዙ ነው ወይስ የምራቸውን ነው?» ብላ ጻፈች። መልካሙ «ሙድ» የሚለው እሱን መሆኑን ለመረዳት ሁለት ጊዜ አነበበው።

በማግስቱ ሐይቅ ዳር ብቅ ሲል አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ እጁን ጨብጠው አልለቅ አሉት። «እግዜር ያውጣህ ልጄ» አሉ፣ ሰምጦ እንደተገኘ ሰው እያዩት። ጀልባ ጥላ ሥር የሚቀመጡት የምርጫ ሊቃውንት ደግሞ ጉዳዩን ይበልቱ ነበር። አንዱ፣ አንዳርጋቸው ያለቀለትን ምርጫ በገዛ እጁ ውሃ ከተተው አለ። ሌላው፣ መልካሙ የሰውየውን ምሥጢር ይዞበት እንጂ ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም አለ። ሦስተኛው ግን ጠለቅ ያለ ነበር፤ «አልገባችሁም። ዘዴ ነው። ልጆቻቸውን ዋና ለማስተማር ብለው አባል የሆኑት የየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ የአንዳርጋቸውን ጉልበት ይፈራሉ፤ የመልካሙን አንደበት ግን ይወዳሉ። ያን ድምፅ ነው ያጠመደው።» መልካሙ ይቺን ሐሳብ ወደዳት። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ የራሱ ሆና ነበር፤ ማታ ለአገርነሽ «አንዳርጋቸው የዋዛ ፖለቲከኛ እንዳይመስልሽ» እያለ ተረከላት። እሷ ሽሮውን ጨለፈችለት።

ዕጩዎቹ አባላት ፊት የሚከራከሩበት ቀን መጣ። በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ገድሉ ባለ ጀልባ ነው፤ ጨዋ፣ ለስላሳ፣ ሰውን ሲወጋ እንኳ ይቅርታ ጠይቆ የሚወጋ። ምክትሉ የቀድሞ ባሕር ኃይል ጠላቂ ነው። አንዳርጋቸው ተነሥቶ «እንግዲህ…» አለና መልካሙን አየ። መልካሙ ተነሣ፤ ስለ ሐይቁ ውበት፣ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ዓባይ መነሻነቱ፣ ስለ ትውልድ አደራ ተናገረ። ንግግሩ ማርኮት ነበር፤ እሱን ራሱን ማለት ነው። ሲጨርስ ገድሉ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ወዳጄን አንዳርጋቸውን አከብራለሁ፤ ምክትላቸውንም አከብራለሁ። አቶ መልካሙን የማውቃቸው በየስብሰባው የሕሊና ጸሎት ሲያስደርጉን ነው። አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቃቸው። እንበልና ነገ አንድ ልጅ እየሰመጠ ነው። እሳቸውም ዳር ላይ ቆመዋል። ምን ያደርጋሉ? የሕሊና ጸሎት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፀደንያ ወንበሯ ላይ ተጠቅልላ ትስቅ ነበር። የመልካሙ ፊት ጋለ። ከዚህ ቀደም መድረክ ላይ ሲያስቅ ኖሯል፤ ሲሳቅበት ግን የመጀመሪያው ነው። አንዳርጋቸው የኮቱን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ቢስበውም አልተቻለም።

በምርጫው ዕለት ጧት ዕጩዎች ከወደቡ አጠገብ ተነሥተው ባንዲራ እስከተተከለባት ጀልባ ድረስ ዋኝተው መመለስ የማኅበሩ ልማድ ነው። ደንቡ ምክትሎችን አያስገድድም። መልካሙም ያን ቀን ድምፅ ማጉያ ይዞ ዳር ላይ ሊቆም አስቦ ነበር።

«አቶ ገድሉ!» አለ። «በምርጫው ዕለት እኔም ከእናንተ ጋር ውሃ እገባለሁ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሌላው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እዚያ ላይ ቢያቆም እንኳ በቂ ጥፋት ነበር። ነገር ግን ጭብጨባው ጣፈጠው።

«ያውም ባንዲራዋ ድረስ ዋኝቼ እመለሳለሁ!» ብሎ ጨመረበት።

አንዳርጋቸው እስከ ሹም አቦ ድረስ አብሮት ተመለሰ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «አስተምርሃለሁ፤ ነገ ጧት እንግባ» አለ። መልካሙ ግን ከተማው ሁሉ ቆሞ እያየው ውሃ ሲጠጣ ታየውና ኮራ። «የራሴ ዘዴ አለኝ» አለ። ዘዴ አልነበረውም። በማግስቱ ለአገርነሽ ወገቡን እንዳመመው ነግሮ፣ ፎጣና ቁምጣ በፌስታል ቋጥሮ፣ በሚኒባስ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረደ። ሙቅ ነው፣ ጥልቅ አይደለም፣ የባሕር ዳር ሰው የለበትም፤ ለእሱ የተፈጠረ ውሃ መሰለው።

ወንዛዬ ወገቡን፣ ጉልበቱን፣ ቁርጥማቱን የታመመ ገበሬ ሁሉ ተነክሮ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። መልካሙ ገባ። ፀደንያ ስታደርገው እንዳየው ትንፋሹን ያዘና ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ እጁንም እግሩንም ባንዴ አወራጨ። እንደ እሱ ግምት እየዋኘ ነበር። እዚያ ለተቀመጡት ሰዎች ግን ሰውየውን ጋኔን ጥሎት ነበር።

«ያዙት! ያዙት! ጮኸበት!»

ሁለት ጡንቸኛ ገበሬዎች ብብቱን ይዘው ጎትተው አወጡት። አንድ ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ።

«ማን ነህ? ተናገር!»

መልካሙ ውሃ ታንቆ ዓይኑ ፈጦ ነበር። በሕይወቱ ማንነቱን ተጠይቆ ማዕረጉን ሳይጠራ መልሶ አያውቅም።

«ዕጩ… ምክትል… ፕሬዚዳንት!»

«ስማ! ሹመት አለው!» አለ አንዱ ገበሬ ደንግጦ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከባሕር ዳር…»

«መቼ ነው የምትለቀው?»

«ምርጫው… ምርጫው ሲያልቅ!» አለ መልካሙ፣ ማኅበሩን መቼ እንደሚለቅ የጠየቁት መስሎት።

ሰዉ አማተበ። በዚህ መካከል ጥግ ላይ እስከ አንገታቸው ተነክረው የነበሩ አንድ ቀጭን መሪጌታ ድምፃቸውን አሰሙ። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ይባላሉ፤ በጣና ደሴት ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ድጓ ያስተምራሉ፤ ለጉልበታቸው ነው የመጡት።

«ልቀቁት። ሰው ነው» አሉ። «ብዙ ጋኔን ሲወጣ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሞኝ ጋኔን ግን አላጋጠመኝም።»

መልካሙ ታሪኩን ሲነግራቸው መሪጌታ ሳቃቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙት። እሳቸው የደሴት ሰው ናቸው፤ ተማሪ ሳሉ ዳዊታቸውን በራሳቸው ላይ አስረው ዋኝተው የተሻገሩበት ጊዜ ነበር።

«አየሁህ፤ ውሃ ስትገባም ታወራለህ» አሉት። «መጀመሪያ አፍህን ዝጋ። ከዚያ በጀርባህ ተኛ። ምንም አትሥራ።»

«ምንም?»

«ምንም። ከባዱ እሱ ነው።»

መልካሙ በእሳቸው እጅ ላይ በጀርባው ተንጋለለ። ሆዱ ከውሃው በላይ እንደ ደሴት ብቅ አለ። መሪጌታ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀመሩ፤ «ወኢታብአነ» ላይ ሲደርሱ ሰመጠ። በሚቀጥለው ጊዜ እስከ አሜን ደረሰ። መሪጌታ «እሰይ» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ምርጫው ድረስ ወገቡን እያመመው ወንዛዬ ተመላለሰ፤ በጀርባው ተኝቶ እግሩን እየመታ ወደ ኋላ መሄድንም ለመደ። የት እንደሚሄድ ግን አያይም።

«በእኛ ገዳም» አሉት መሪጌታ ሲሰነባበቱ፣ «አበምኔት ሲመረጥ የተመረጠው ይሸሻል፣ ተከታትለን ነው የምንይዘው። እናንተ ዘንድ ደግሞ ማንም ሳይይዛችሁ ትሮጣላችሁ። በል፣ እመቤታችን ትጠብቅህ፤ የወለተ ማርያም ነገር እንዳይደርስብህ።»

«ወለተ ማርያም ማን ናት?»

«እኅቴ ናት። እሷም እንዳንተ ስታወራ ነው የሰመጠችው። ደግነቱ አወጣናት።»

የምርጫው ቀን ሐይቅ ዳሩ ሞልቶ ዋለ። አባላቱ ከነቤተሰባቸው፣ ቆሎ ሻጮች፣ ነገሩን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ወጥቷል። መልካሙ አዲስ ሰማያዊ ቁምጣ ለብሶ ወጣ። ኮት ሲለብስ የሚከበር ሰው በቁምጣ ሲታይ ምን እንደሚመስል እሱ ራሱ አያውቅም ነበር፤ አሁን ከሰዉ ፊት አነበበው። አገርነሽ ከዳር ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። ወንዛዬን ማን እንደነገራት አይታወቅም፤ ጧት ሲወጣ «ወገብህ ይበርታ» ብላዋለች።

ፊሽካው ተነፋ። አንዳርጋቸው፣ ገድሉና ጠላቂው ጥልቁን ይዘው እንደ ቀስት ሄዱ። መልካሙ በጀርባው ተኛ፣ አፉን ዘጋ፣ እግሩን መታ። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር። ከዳር ጭብጨባ ይሰማል። «እየሄድኩ ነው» ብሎ አሰበ፤ እውነትም ይሄድ ነበር፣ ግን ወደ ባንዲራዋ ሳይሆን በቄጠማው ጥግ ወደ ተከማቸው እምቦጭ ነበር። ራሱን በልቡ «ጣናን የተሻገሩት አቶ መልካሙ» ብሎ እያስተዋወቀ ሳለ አንድ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ ጠጉር ያለው ነገር ቀኝ እግሩን ያዘው።

የመልካሙ ድምፅ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልገው ድምፅ ነው።

«ጉማሬ!»

ሐይቁ ላይ አስተጋባ። አንዳርጋቸው ባንዲራዋ ጋ ሊደርስ እጁን ሲዘረጋ ተመለሰ። ገድሉ በአቅራቢያው ያለች ጀልባ ላይ እንዴት እንደወጣ ማንም አላየም። የባሕር ኃይሉ ጠላቂ ከገድሉ ቀድሞ እዚያ ነበረ። ዳር ላይ እግራቸውን ውሃ ነክረው የነበሩት እናቶች ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ሮጡ፤ የቆሎ ሻጭ ቁና ተገለበጠ። ውሃ ውስጥ ያለ ሁሉ ከመልካሙ ሸሸ።

ወደ እሱ የመጣች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። አገርነሽ ጃንጥላዋን ጥላ፣ ከነቀሚሷ ተወርውራ ገባች።

መልካሙ በበኩሉ የራሱን የሕይወት ታሪክ በልቡ ማንበብ ጀምሮ ነበር። «ሟች ከአባታቸው…» ላይ ሲደርስ የሚስቱ እጅ ክንዱን ጨመደደው።

«የታለ?»

«እግሬን ይዞኛል! አንቺ ተመለሽ! ተመለሽ!»

አገርነሽ ወደ ውሃው ጎንበስ ብላ ዳበሰች። ረጅም ጥቁር የእምቦጭ ሥር እየጎተተች አወጣች።

«ይኸ ነው?»

መልካሙ ሥሩን አየው። ሥሩም ያየው መሰለው።

«በል ቁም» አለችው።

«ምን?»

«ቁም እልሃለሁ!»

ቆመ። ውሃው እምብርቱ ድረስ ነበር።

ከዳር የመጣው ሳቅ እስከ ጎርጎራ ሳይሰማ አይቀርም። መልካሙ በዚያች ሰዓት ምነው ጉማሬው እውነት በሆነ ብሎ ከልቡ ተመኘ። ግን ክንዱን የያዘው እጅ አልለቀቀውም ነበር። ዞር ብሎ አያት። አገርነሽ አልሳቀችም። ደልጊ ላይ የአባቷን ታናሽ ወንድም ታንኳውን ገልብጦ የገደለው ጉማሬ መሆኑን መልካሙ ያውቃል፤ በተጋቡ ሰሞን አንድ ጊዜ ነግራው፣ ዳግም አንሥታው አታውቅም። እሷ የገባችው እምቦጭ ልትነቅል አልነበረም። የገባችው ጉማሬ ልትገጥም ነው።

«ይቅርታ» አላት።

«ዝም ብለህ ተራመድ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ተቆጠረ። ገድሉ አሸነፈ፤ በብዙ ሳይሆን በጥቂት። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ አንዳርጋቸውን የሚወዱ ሰዎች ጥንዱን መነጠል ስላልቻሉ ነው። ፀደንያ እጇን ኪሷ ከታ ወደ መልካሙ መጣች፤ ሳቋ አሁን በርዶ ነበር።

«ጋሽ መልካሙ፣ በጣም አዝናኑን፤ ከምሬ ነው። ግን ጋሽ አንዳርጋቸው ተሳስተዋል። ባለቤትዎን ነበር ይዘው መቅረብ የነበረባቸው። ያን ዋና ከየት ነው ያመጡት?»

መልካሙ ሲጠይቁት የሚመልስ ሰው ነበር። ለዚህ ግን «እሷን ጠይቂያት» ብሎ ወደ አገርነሽ አመለከተ።

ሁለት ቀን ቤቱ ተኝቶ ለአንዳርጋቸው የሚሆን የይቅርታ ንግግር አዘጋጀ። መግቢያ ነበረው፣ ሐተታ ነበረው፣ አንድ ከመጽሐፈ ምሳሌ የተወሰደ ጥቅስም ነበረው። በሦስተኛው ቀን አንዳርጋቸው የሚሠራበት ሐይቅ ዳር ሄደ። ጓደኛው የአንዲት አሮጌ ጀልባ ሞተር ፈትቶ ዘይት በዘይት ሆኖ ነበር።

«አንዳርጋቸው፣ ወንድሜ፣ የአንድ ሰው የምላስ ስሕተት የብዙዎችን ተስፋ…»

«ሞተሩን ያዝልኝ» አለው አንዳርጋቸው።

መልካሙ ያዘ። ዘይቱ እጅጌውን አበላሸው።

«አስቀረሁብህ» አለ በመጨረሻ፣ ከንግግሩ ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ አውጥቶ። «ታሸንፍ ነበር።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አንዳርጋቸው ቀና ሳይል። «እኔ መጀመሪያ የጠየቅሁት አገርነሽን ነበር።»

መልካሙ ሞተሩን ሊለቀው ምንም አልቀረው።

«አገርነሽን?»

«ውሃ ታውቃለች፤ ሰው ይሰማታል፤ አጭር ትናገራለች። ከሷ የተሻለ ከየት ይመጣል? ሄድሁና ጠየቅኋት። እንዲህ አለችኝ፤ ‹እኔን ተወኝና መልካሙን ውሰደው። ቤት ውስጥ እየሞተብኝ ነው።› እኔም አንተ ብትሆን አይከፋም ብዬ አሰብሁ። አፍ ያለው ሰው ነው አልሁ።» ብሎኑን አጠበቀ። «አፉን አበዛኸው እንጂ።»

መልካሙ በሐይቁ ዳር በዳር በእግሩ ወደ ቤት ተመለሰ። መጀመሪያ ተናደደ። ትንሽ እንደሄደ ስለ ሠራተኞቹ ድምፅና ስለ አንዳርጋቸው ጥልቅ ዘዴ ለሚስቱ የተረከላት ማታ ትዝ አለው። ሁሉን እያወቀች፣ ዝም ብላ፣ ሽሮ እየጨለፈችለት። ለካ የሚተርከው የእሷን ዘዴ ለእሷው ነው! መንገድ ላይ ቆሞ ብቻውን ሳቀ። አንዲት ዓሣ ሻጭ «ምን አገኘህ ጋሼ?» አለችው። «ራሴን» ሊላት ነበር፤ ንግግር ሊሆንበት ስለሆነ ተወው።

አገርነሽ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እየሞተብኝ ነው አልሽው?»

ከምስሩ ጠጠር ለቀም አድርጋ ጣለች። «አንዳርጋቸው ነገረህ?»

«እየሞትኩ ነበር እንዴ?»

«ምሳ ላይ ስትናገር የምቆጣህ እልህ ይዞህ እንዳትተወው ብዬ ነበር» አለች። «ንግግርህ እያጠረ መጣ። አንድ ቀን ወጡ ሲቀርብ እጅህን ታጥበህ፣ ዝም ብለህ በልተህ ተነሣህ። ያን ለታ ፈራሁ።»

መልካሙ ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። እሱ ዘንድ እንደማንኛውም ቀን ያለፈ ነው።

«አንቺስ? ምክትል መሆን አልፈለግሽም ነበር?»

ሰፌዱን አራገፈች፤ ገለባው ነፋስ ይዞት ሄደ።

«ፈልጌ ነበር» አለች።

መልካሙም ሠላሳ ዓመት አብሯት ሲኖር ይህን ጥያቄ ጠይቋት እንደማያውቅ እዚያው ተቀምጦ ገባው። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነበር፤ ከሕዝቡ ውስጥ አንዷን ረስቶ። ከፊቷ ካለው ምስር ጭብጥ አድርጎ መልቀም ጀመረ። ጠጠሩን ወደ ምስሩ፣ ምስሩን ወደ ጠጠሩ ይጥል ስለነበር ጥቂት ቆይታ እጁን ገፋ አደረገችው።

ወር ሳይሞላ አንድ እሑድ ገድሉ በራቸውን አንኳኳ። መልካሙ ከፈተ። ገድሉ በትሕትና እጅ ነሥቶ ገባ፤ መልካሙም በልቡ «እንግዲህ አስታራቂ ፈልጎ ነው፣ ወይ የዓመቱን ውድድር እንዳስተዋውቅለት ነው» ብሎ ወንበር አቀረበና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ አገርነሽ አሉ?» አለ ገድሉ። «እሳቸውን ነበር የፈለግኋቸው። የሴት ልጆቹን ዋና የሚያሠለጥን ሰው አጥተናል። ፀደንያም እሳቸው ካልሆኑ ብላ አስጨንቃናለች።»

መልካሙ የጠረገውን ጉሮሮ ይዞ ቆመ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ጠራት። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን ከእጇ ተቀበላት። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሳሎን ስትወጣ እሱ ጓዳ ቀረ።

በበሩ በኩል ድምፃቸው ይሰማው ነበር። ገድሉ ብዙ ተናገረ፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ትውልድ፣ ስለ አደራ። መልካሙ ንግግሩን ሲሰማ ይህን ያለ ሰው የት ነበር የማውቀው ብሎ አሰበና አፈረ። ከዚያ አገርነሽ ተናገረች።

«ልጆቹ ሲገቡ አንድ ጀልባ ሁልጊዜ አጠገባቸው ይቁም። እምቦጩ ከዳር ይነሣ። ወላጅ በውሃው ዳር ቆሞ አይጩህብኝ። እነዚህን ከቻላችሁ እመጣለሁ።»

ገድሉ «እሺ» አለ። ሌላ ለመናገር አፉን የከፈተ መሰለ፤ «የምትጠጣው ቀረበልህ ወይ?» ብላ ዘጋችው።

መልካሙ ሁለት ጊዜ ወጥቶ አንዲት ቃል ሊጨምር ወደ በሩ ሄዶ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰ። ዓይኑ ያነባ ነበር፤ ሽንኩርቱ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ከሞላ ጎደልም እውነቱን ነበር። ማታ ወጡ ሲቀርብ ግማሹ ሽንኩርት ከነልጣጩ ገብቶ ተገኘ። አገርነሽ አንዱን ልጣጭ በሁለት ጣቷ አውጥታ ከሳሕኑ ዳር አኖረችና መብላቷን ቀጠለች።